የጋሽ ደምሴ ቶርኖ ያንጎራጎረ ሰሞን

እኔ በዚህ ዓለም ላይ እንደ ቀለም የምፈራው ነገር የለም። ሌባ አልፈራም፤ ሌባ ምን እንደሚፈልግ ይታወቃል። ግብር ሰብሳቢንም እንደ ማንኛውም ነጋዴ በልኩ ነው የምፈራው። ቀለም ግን ሌላ ነው። ያሳደገኝ ገበያ ነው፤ በገበያ ደግሞ አንድ ዕቃ ከሚገባው በላይ ካማረ የሆነ ነገር ሸፍኗል ማለት ነው። የበሰበሰ በር አረንጓዴ ይቀባል። ባለቤቱን የገደለ ሞተር ሳይክል ቀይ ይቀባል። ሀዋሳ፣ ከአሮጌው ገበያ ጀርባ፣ ፑንታና መጋዝ፣ ብሎንና የብየዳ ዘንግ ወደምሸጥበት ሱቅ የሚመጣ ደንበኛ ዕቃ የሚገዛው በዓይኑ አይደለም። ቁልፉን ከኪሱ ያወጣና ጫር ያደርገዋል። ከሥሩ ሌላ ቀለም ከወጣ ዕቃውን ቀስ ብሎ ያስቀምጥና እኔን ማየት ይጀምራል። የሚያስፈራኝ ያ አስተያየት ነው። እኔንም ጫር ሊያደርገኝ የሚያስብ ይመስለኛል።

ከጫሪዎች ሁሉ የከፋው ላሚሶ ነው። ከሱቄ ጥቂት በር ወረድ ብሎ ቶርኖ ቤት አለው። ቶርኖ ለማያውቅ ሰው፣ ብረት እንደ ሸንኮራ የሚላጥበት ማሽን ነው። ብረቱ ይሽከረከራል፤ አንዲት ጥፍር የምታህል ጥርስ ትደገፈውና ትልጠዋለች። የወፍጮ ዘንግ በሉት፣ የባጃጅ ዕቃ በሉት፣ አሞራ ገደል ላይ ዓሣ አስጋሪዎቹ የሚያስነሱት የጀልባ ሞተር ዕቃ በሉት፣ ሲሰበር ወደ ላሚሶ ነው የሚመጣው። ማሽኑ ግን በሰፈሩ አፍ እስከ ዛሬ የላሚሶ ሆኖ አያውቅም። የጋሽ ደምሴ ቶርኖ ነው። ላሚሶ ሙያውን የተማረው ከጋሽ ደምሴ ነው፤ ማሽኑን የወረሰው ከጋሽ ደምሴ ነው፤ ቤቱም የጋሽ ደምሴ ግቢ ውስጥ ነው። ጋሽ ደምሴ ራሳቸው በስተርጅና ጉሮሯቸውን ታመው ድምፃቸው ጠፍቶ ነበር። እኔ ሱቅ ከፍቼ ሳውቃቸው በእጃቸው ነበር የሚያወሩት። በጣት ከሚከራከር ሰው ጋር ተከራክራችሁ የምታውቁ ከሆነ ትረዱኛላችሁ፤ «የመጨረሻ ዋጋ ስንት ነው?» ብሎ የሚጠይቅ ጣት የለም። እጃቸውን ጨብጠው ቁጭ ይላሉ፤ ተሸናፊው እኔ ነኝ።

እንግዲህ ጋሽ ደምሴ ዐረፉ። ድንኳን ተተከለ፤ የተተከለውም ልክ ከቶርኖ ቤቱ በር ላይ ነው። በእኛ ሰፈር ድንኳን እስኪነሳ ድረስ ከለቅሶ ቤት አጠገብ ያለ ማሽን አይነሳም። የግድግዳ ሰዓት እንኳ ድምፁ ከበዛ ባትሪው ይወጣል። ላሚሶ ግን ጭንቅ ላይ ነው፤ የአንድ ወፍጮ ቤት ዘንግ ተሰብሮ እጁ ላይ አለ፣ እህል ይዘው የሚመለሱ ሴቶች ወፍጮ ቤቱን ይረግማሉ፣ ወፍጮ ቤቱ ለላሚሶ ይደውላል። ድንኳኑ ውስጥ ካርታ ስንጫወት ጠጋ ብሎ በጆሮዬ፦

«ጥርሱ መጣ?» አለኝ።

«በመንገድ ላይ ነው።»

«ቀለም የተቀባ እንዳታመጣብኝ።»

«ላሚሶ፣ ለቅሶ ላይ ነን።»

«ለቅሶ ላይም ቢሆን።»

ጥርሱን የምታመጣልኝ መርካቶ ያለችው ሙና ናት። ኢንሰርት ነው ስሙ፤ እኔ ጥርስ ነው የምለው፣ ሥራው መንከስ ስለሆነ። ከአውቶቡስ ተቀብዬ ሳጥኑን ከፈትኩ። ወርቅ! እያንዳንዷ ጥርስ እንደ ሙሽራ የጆሮ ጉትቻ ታብለጨልጫለች። ታየኝ፤ ላሚሶ በድንኳኑ መሐል፣ በለቀስተኛ ፊት፣ ቁልፉን አውጥቶ ጫር ሲያደርጋት ታየኝ። «ነሐስ ነው የሸጠልኝ» ሲል ተሰማኝ።

እና ብልህ ሰው የሚያደርገውን አደረግሁ። ብልህ ሰው ከራሱ በቀር ማንንም አያማክርም። ጓዳዬ ውስጥ ጠንካራ ጥርስ የሚሞረድበት አረንጓዴ መሳያ ድንጋይ አለኝ። መነጽሬን አድርጌ፣ በሬን ዘግቼ፣ እያንዳንዷን ጥርስ ከነጠርዟ ሞረድኳት። ወርቁ ብናኝ ሆኖ ሄደ፤ ግራጫ፣ የማታማልል፣ ጨዋ ብረት ወጣች። አንዷን ብቻ ለዓይን ብዬ ከነወርቋ የሱቄ የመስታወት መደርደሪያ ውስጥ አስቀመጥኳት፤ ሱቄን ታሟሟቃለች። የቀሩትን በጋዜጣ ጠቅልዬ፣ ድንኳኑ የተነሳ ዕለት ጠዋት ለላሚሶ ወሰድኩ። ጫር አደረጋት። ምንም የለም። «ይሄ ነው ብረት ማለት» አለኝ። በዚያ ጠዋት ከሀዋሳ ሐይቅ ወዲህ እንደ እኔ የተከበረ ነጋዴ አልነበረም።

ከሰዓት በኋላ፣ ነፋሱ ከሐይቁ መንፈስ ሲጀምር፣ ሱቄ ቁጭ ብዬ ሰማሁት።

መጀመሪያ ሰው የሚያለቅስ መሰለኝ፤ ለቅሶ ሊደርስ ዘግይቶ የመጣ ዘመድ። ከዚያ ለቅሶ እንዳልሆነ ለየሁት። ጥርሱን ነክሶ የሚያንጎራጉር ሽማግሌ ነው። ከሆዱ ይጀምራል፣ ቀስ እያለ ወደ ላይ ይወጣል፣ እየቀጠነ፣ እየተንቀጠቀጠ ይወጣል… እና አናቱ ላይ ሲደርስ ቁርጥ። ዝም። ከዚያ እንደገና ከሥር። እየወጣ፣ እየቀጠነ፣ ቁርጥ። ሁልጊዜ እዚያው ቦታ ላይ። መንገድ ላይ ያለው ሰው ሁሉ እግሩ ቆሟል። ሁልጊዜ የሚጮኸው የጎረቤቴ ውሻ ጠረጴዛዬ ሥር ገብቶ እግሬ ላይ ተኛ። ከእኔ ጋር ተኮራርፎ የነበረ ውሻ ነው።

ወረድ ብዬ ሄድኩ። ላሚሶ ማሽኑን አጥፍቶ ግድግዳውን ተደግፎ ቆሟል። ፊቱ የድንኳን ሸራ መስሏል።

«ሰማህ?» አለኝ።

«ምኑን?» አልኩት። ነጋዴ ነኝ፤ መጀመሪያ መካድ ነው።

«የእሱ ናት፣ የጋሽ ደምሴ። እየላጠ የሚያንጎራጉራት። ጉሮሮው ሳይታመም በፊት፣ ብረት ላይ ባጎነበሰ ቁጥር…» ላሚሶ በዘይት እጁ ወደ ማሽኑ አመለከተ። «ድንኳኑ ሲነሳ ማሽኑን አስነሳሁበት። ትንሽ እንኳ አልታገስኩለትም።»

ይሄን ሲል ከበራፉ ላይ «ኧረ አሁን ለምን አጠፋኸው?» የሚል ድምፅ መጣ። የጋሽ ደምሴ ባለቤት እትዬ ዘነበች ናቸው። ጥቁር ለብሰው፣ አንዲት በርጩማ ይዘው፣ የቶርኖ ቤቱ በር ላይ አስቀምጠው ተቀመጡ፤ ጉዳይ እንዳለው ሰው ተመቻችተው ተቀመጡ።

«አስነሳው እንጂ» አሉት።

ላሚሶ እኔን አየኝ፤ እኔ በበሩ በኩል የጋሽ ደምሴን ቤት ጣሪያ አየሁ። አስነሳው። እንጉርጉሮው ከብረቱ ውስጥ ወጣ፤ እየወጣ፣ እየቀጠነ፣ አናቱ ላይ ቁርጥ አለ። እትዬ ዘነበች ራሳቸውን ነቀነቁ፤ ሐዘን አይደለም፣ ወጥ ቀምሶ ጨው እንደጎደለው ያወቀ ሰው ዓይነት አነቃነቅ ነው።

«እዚህ ጋ አይቆምም ነበር» አሉ። «ቀሪ አላት። ወደ ታች መልሳ ቤት የምታደርሳት ቀሪ አላት።»

እኔ በዚያች ሰዓት ያየሁትን ጣሪያ ባላየው እመርጥ ነበር። አባ ኮዳዎቹ መጥተው ነበር። ሀዋሳ የኖረ ያውቃቸዋል፤ ራሰ በራ፣ ቦርሳቸው አንገታቸው ላይ የተንጠለጠለ፣ ጡረታ የወጣ ዳኛ የሚመስሉ ትልልቅ አሞራዎች ናቸው። ሥራቸው አሞራ ገደል ላይ ቆመው የዓሣ ሆድ ዕቃ መጠበቅ ነው፤ ዓሣ ከሌለበት አይቆሙም። አሁን ግን የጋሽ ደምሴ ቆርቆሮ ላይ ተደርድረው፣ ምንቃራቸውን ደረታቸው ላይ ጥለው፣ ወደ ታች እየሰሙ ነው። ማሽኑ ሲቆም አንዱ እግሩን ይቀይራል። ማሽኑ ሲነሳ ይረጋል።

ከዚያ ወዲያ ያለውን ሰሞን እንዲህ በሉት፦ ላሚሶ ጠዋት ጠዋት ማሽኑን ዘይት ያጠጣዋል፣ ብሎኑን ያጠብቃል፣ እኔ መፍትሔ እሸጥለታለሁ። ከማሽኑ እግር ሥር የሚነጠፍ ላስቲክ ሸጥኩለት፤ እንጉርጉሮው ወፈረ። የተሻለ ቅባት ሸጥኩለት፤ ቀጠነ። አዲስ ቀበቶ ሸጥኩለት፤ በቀበቶው ምክንያት ጠዋትም ማንጎራጎር ጀመረ። ጥርስ ሲያልቅበት ሌላ ከጋዜጣው አውጥቶ ይሰካል፤ ጥርሶቹ ደግሞ የሚያልቁት አፋቸው እንደ ጉድጓድ እየተቦረቦረ ነው። «ከውስጥ የሚበላው ነገር አለ» ይላል ላሚሶ። እኔ በሐዘኔታ ራሴን እነቀንቃለሁ። ወፍጮ ቤቱ ዘንጉን ሲረከብ ላዩ ላይ እንደ ቆዳ ሽብሽብ ያለ መስመር ስላየ «ይሄ የሰው ግንባር ነው» ብሎ ትቶት ሄደ። ከዚያ በኋላ ሌላ ሥራ ይዞ የሚመጣ ጠፋ። የባጃጅ ሾፌሮች እንኳ በዚያ በኩል ሲያልፉ ሙዚቃቸውን ይቀንሳሉ፤ የሀዋሳ ባጃጅ ሙዚቃ ከቀነሰ ነገሩ ከባድ ነው።

የላሚሶ ቤተ ክርስቲያን ፓስተር፣ ፓስተር እንድሪያስ፣ ሊጸልዩ መጡ። ጥሩ ሰው ናቸው፤ ድምፃቸውም እግዚአብሔር በሰጣቸው ልክ ነው፣ ያውም በደግ ቀን የሰጣቸው። ከአባላቶቻቸው ጋር ማሽኑን ከበው ቆሙ።

«አስነሳው» አሉት ላሚሶን። «ሳንሰማው ምን ብለን እንገሥጸዋለን?»

ላሚሶ አስነሳ፤ ጥርሱን ብረቱ ላይ አገባ፤ ማሽኑ በራሱ እየሄደ እንዲልጥ ለቀቀው። እንጉርጉሮው ተነሳ። ፓስተሩም ተነሡ። እሱ ሲጨምር እሳቸው ይጨምራሉ፣ እሳቸው ሲጨምሩ ጉባኤው ይጨምራል። እንጉርጉሮው አናቱ ላይ ሊደርስ ሲል፣ ፓስተር እንድሪያስ እጃቸውን ዘርግተው «ዝም በል!» አሉ፤

መብራት ጠፋ።

ማሽኑ ዝም። የሀዋሳ መብራት ለመጥፋት ትእዛዝ እንደማያስፈልገው ሁላችንም እናውቃለን፤ ግን በዚያች ቅጽበት ማንም አላስታወሰም። ሃሌሉያው ሐይቁ ድረስ ተሰማ። ተቃቀፉ። ላሚሶ አለቀሰ። እኔንም አንዲት እናት አቅፋ አስለቀሰችኝ። ምስክርነት ተሰጠ፤ መዝሙር ተጀመረ፤ ማብሪያውን ያጠፋ ግን አልነበረም።

መዝሙሩ መሐል ላይ መብራት መጣ።

ማንም ሳይነካው ብረቱ መሽከርከር ጀመረ፤ ጥርሱም ካቆመበት ነከሰ። ያ ድምፅ ካቆመበት ተነሳ። ከቶርኖ ቤቱ ማን ቀድሞ እንደወጣ እስከ ዛሬ ክርክር ነው፤ እኔ ግን ሁለተኛ ስወጣ ፊቴ የነበረው የፓስተር እንድሪያስ ኮት ነበር። የቀረው ጫማ ብዛት ሱቅ ይከፍታል። ዘወር ብዬ ሳይ እትዬ ዘነበች በርጩማቸው ላይ እንደተቀመጡ ናቸው። ትርምሱን ዓይተውት እንደሆነም እንጃ። በአንድ ጣታቸው ጉልበታቸውን ቀስ እያሉ ይመታሉ፣ ምቱን እንደሚጠብቅ ሰው። ጣሪያው ላይ ያሉትም አልበረሩም።

በማግስቱ ላሚሶ ማሽኑን ሊሸጠው ወሰነ። ለቶርኖ ሠሪ አይደለም፤ ማን ይገዛዋል? ለቁራሌ ነው፤ በኪሎ፣ ቀልጦ ፌሮ እንዲሆን።

«ከዚያስ?» አልኩት።

«ባጃጅ እቀጠራለሁ።»

«ዕድሜ ልክህን ቶርኖ ላይ…»

«እንዲያለቅስ ማድረግ አልችልም» አለኝ። «የሙያ አባቴ ነው። አባቴን በየቀኑ እያስለቀስኩ እንጀራ አልበላም።»

እኔ እንግዲህ በዚህ ሁሉ መሐል ጥፋተኛ አለመሆኔን አጥብቄ የማምን ሰው ነኝ። ግን ማሽኑ ከሄደ ጥርስ የሚገዛኝ ይቀራል። ስለዚህ ሙናን ልወቅሳት ደወልኩ። ዕቃ ሲበላሽ አቅራቢ መውቀስ እንደ ሰላምታ ነው፤ ካልወቀስክ ትቀየማለች።

«ሙና፣ የላክሽልኝ ጥርስ ጤነኛ አይደለም።»

«ምን ሆነ?»

«ያንጎራጉራል።»

ዝም አለች። ሙና ዝም ስትል ዋጋ ልትጨምር ነው።

«የቱ? ወርቃማው?»

«ወርቃማ የነበረው።»

«የነበረው ማለት?»

«ቀለሙን አነሳሁለት። እዚህ ሰው ቀለም አይወድም፣ ሙና። ሞረድኩት።»

ከበስተኋላዋ የመርካቶ ተሸካሚ «ወገድ! ወገድ!» ሲል ይሰማኛል።

«አንተ ሰውዬ» አለች በመጨረሻ፤ «ጭኮ በልተህ ታውቃለህ?»

«አሁን የምግብ ሰዓት ነው?»

«ስማኝ። ጭኮ የገብስ ዱቄት በቅቤ ተለውሶ ነው አይደል? ያ ጥርስም እንደዚያው ነው። ዱቄቱ ተንግስተን ካርባይድ ይባላል፣ ከድንጋይ የጠነከረ። ቅቤው ኮባልት ነው። ቅቤው ከበዛ ጥርሱ ይለሰልሳል፤ ካነሰ ይጠነክርና ገጨት ሲያደርገው ይፈረከሳል። ተለውሶ፣ ተጨምቆ፣ ምድጃ ይገባል። ገባህ?»

«እሺ፣ በላሁ።»

«አትቀልድ። ተራው እንዲህ ያለው፣ አረብ ብረት ሲልጥ ይግላል፤ የጋለው ብረት ደግሞ ጥርሱን እየላሰ ያቦረቡረዋል። ለዚያ ሲባል ዱቄቱ ላይ ታይታኒየምና ታንታለም የሚጨመርበት አለ፤ እንደ ቅመም በለው። እሱ ራቁቱንም ይችላል። ያን ውሰድ ብዬህ ነበር፤ ተወደደ ብለህ ርካሹን ያልከኝ አንተ ነህ። የአንተ ውስጡ ቅመም የለውም፤ የሚያስችለው ልብሱ ነው። ያ ወርቃማው ቀለም አይደለም! ምድጃ ውስጥ በጋዝ የሚለብሰው ቆዳ ነው፤ ከፀጉር የቀጠነ፣ ከጥርሱ ከራሱ የጠነከረ። ብረቱ እንዳይጣበቅ የሚያንሸራትተው እሱ ነው። አንተ ገፈፍከው። አሁን ብረቱ ይጣበቅበታል፣ ይገነጠላል፣ ይጣበቃል፣ ይገነጠላል፤ ማሽኑ በዚያ ይንቀጠቀጣል፣ ሲንቀጠቀጥ ይጮኻል።»

«ታዲያ ሰፈሩ ሁሉ የሚፈራው ጂን…»

«ጂን የለም» አለች ሙና። «አንተ ነህ።»

ስልኩን ዘጋሁ። ሰው ስለ እኔ ብዙ ነገር ብሎኛል፤ ጂኑ አንተ ነህ ያለኝ ግን የለም።

አንድ ነገር አሰብኩ፤ አልደብቃችሁም። ዝም ብል ቁራሌው ማሽኑን ይወስደዋል፤ ጥርሶቹም አብረው ይቀልጣሉ፤ ወሬውም ይቀልጣል። ላሚሶ ባጃጅ ይነዳል፤ ባጃጅ መንዳት ነውር አይደለም። እኔም ስሜን ይዤ እቀራለሁ። ይሄን ሁሉ አቀናብሬ ስጨርስ ውጭ የቁራሌው አይሱዙ ወደ ኋላ እየሄደ ሲጮህ ሰማሁ። ብቅ አልኩ። ላሚሶ ማሽኑን በዘይት ጨርቅ እየወለወለው ነው። የሚሸጥ ዕቃ እንደዚያ አይወለወልም። ጆሮውን፣ ጉልበቱን፣ ጣቶቹን እንደሚያጥብ አድርጎ ነው የሚወለውለው፤ አስከሬን እንደሚገንዝ ሰው ነው።

መስታወቱን ከፍቼ ያችን ለዓይን ያስቀመጥኳትን ወርቃማ ጥርስ ያዝኩና ወረድኩ። ቁራሌው አለ፤ ፓስተር እንድሪያስ ጫማቸውን ሊወስዱ መጥተው አሉ፤ እትዬ ዘነበች በርጩማቸው ላይ አሉ። ነገር መናዘዝ ካለብህ ሕዝብ ከመሰብሰቡ በፊት ነው፤ እኔ ይሄን እንኳ አላወቅሁበትም።

«ላሚሶ፣ ጋሽ ደምሴ አይደሉም» አልኩ። «እኔ ነኝ።»

ነገርኩት። ስለ ቁልፉ፣ ስለ ጫሪው፣ ስለ አረንጓዴው ድንጋይ፣ ስለ ጭኮውም። ጭኮው ላይ ቁራሌው «እርቦኛል» አለ። ላሚሶ እጁን ዘረጋ፤ ወርቃማዋን ሰጠሁት። ቁልፉን ከኪሱ አወጣ። እዚህ ላይ እንኳ! ጫር አደረጋት። ጥርሷ ላይ ግራጫ መስመር ቀረ፤ ጠጋ ብሎ ሲያየው የተጫረችው እሷ አይደለችም፤ ቁልፉ ነው ተልጦ ላይዋ ላይ የቀረው። በአውራ ጣቱ ጠረገው፤ ወርቁ እንዳለ ነው። በዕድሜው ሙሉ ሲጭር የኖረ ቁልፍ ዛሬ ገና ተጫረ።

«ለለቅሶ ቤት» አለ ቀስ ብሎ፤ «ለለቅሶ ቤት የገፈፍከውን ብረት አመጣህብኝ?»

«ቀለም መስሎኝ…»

«ልብሱን ገፍፈህ፣ ራቁቱን አስገብተህ፣ እኔን አባቴን አስለቀስኩ አስባልከኝ።» ድምፁ አልጨመረም። ቢጮህብኝ ይሻለኝ ነበር። «ላስቲኩንስ? ቀበቶውንስ?»

ወደ ጣሪያው አየሁ። ጣሪያው ላይ ያሉትም ወደ እኔ እያዩ ነበር።

ጥርሷን ሰካት፤ ማሽኑን አስነሳ። ብረቱ ዞረ፤ ጥርሷ ነከሰች። የብረቱ ልጣጭ ሰማያዊ ሆኖ እየተጠቀለለ፣ እንደ ሐር ክር ድምፅ ሳያሰማ ይወርድ ጀመር። ድምፅ የለም። እንጉርጉሮ የለም። ከሐይቁ የሚመጣው ነፋስ እንኳ ይሰማል። ፓስተር እንድሪያስ ቀስ ብለው «ሃሌሉያ» አሉ፤ ከዚህ ቀደም ካሉት ሁሉ ያች አጭሯ ናት መሰለኝ ከልብ የነበረችው። ቁራሌው ተሳድቦ አይሱዙውን አስነሳ። ላሚሶ የተላጠውን ብረት በመዳፉ ዳሰሰው፤ ለስላሳ ነው። ያኔ ነው ግንባሩን ማሽኑ ላይ ያስደገፈው። ማሽኑ ዳነ፤ እሱም ዳነ። ግን ጋሽ ደምሴን ሁለተኛ ጊዜ እንደ ቀበራቸው ያወቅሁት ያኔ ነው።

ቀስ ብዬ እትዬ ዘነበችን አየሁ። ስለ እሳቸው ነበር የፈራሁት፤ እንጉርጉሮዋን የወሰድኩት ከእሳቸው ነው። እሳቸው ግን እንደ ወትሯቸው ተቀምጠዋል። ጣታቸው ጉልበታቸው ላይ ነው። ማሽኑ ዝም ብሎ ይልጣል፤ ጣታቸው ይመታል። ቀስ፣ ቀስ፣ ከፍ ሲል ትንሽ ፈጠን። ልክ ያ የሚቆረጥበት ቦታ ላይ ሲደርስ አልቆመም፤ አለፈ።

ምን እየሰሙ ነው ብዬ አልጠየቅሁም። እኔ ሻጭ ነኝ፤ ያልጠየቀኝን አልጠይቅም።

ከዚያ ሰሞን በኋላ ስሜ ተቀየረ። ሀዋሳ ውስጥ «ገፋፊው ጋ ሂድ» ካሏችሁ የእኔ ሱቅ ነው፤ ከሩቅ አገር ለሚመጣ ሰው ለማስረዳት ቀላል አይደለም። ላሚሶ ጥቂት ሳያናግረኝ ቆየ፤ ከዚያ ጥርስ ሊገዛ መጣ፤ ወርቃማውን። ቁልፍ አላወጣም። ሙና ያን ቅመም ያለበትንም ላከችልኝ፤ እሱ ለራሱ ጥቁር ነው፣ ይሄም ቀለም አይደለም አለችኝ፤ እጄን ኪሴ ውስጥ ከትቼ ተቀበልኩ። የገፈፍኳቸውን ቀሪ ጥርሶች ከላሚሶ ተቀብዬ አሞራ ገደል ወስጄ ሐይቁ ውስጥ ወረወርኳቸው። ያ ድምፅ ወፍጮ ቤትም ጀልባም ውስጥ ሁለተኛ እንዳይሰማ።

የፍቼ ዕለት ነው እንግዲህ። የሲዳማ አዲስ ዓመት ሲሆን ሀዋሳ ሙሉዋን ወደ በዓሉ ሜዳ ወደ ጉዱማሌ ትወርዳለች፤ ላሚሶም ነጭ ለብሶ ቤተሰቡን ይዞ በጠዋት ሄዷል። ቶርኖ ቤቱ ዝግ፣ ገበያው ዝግ፣ መንገዱ በጠራራ ፀሐይ ባዶ። እኔ ሱቄን ግማሽ ከፍቼ ብሎን በየመጠኑ እለያለሁ። እንዲህ ያለ ፀጥታ ሀዋሳ ውስጥ ሰምቼ አላውቅም። ብሎኑን እየለየሁ በአፍንጫዬ አንጎራጉራለሁ፤ ሰው ብቻውን ሲሆን የሚያደርገው ነው።

ጥላ ወደቀብኝ። ቀና ስል እትዬ ዘነበች ዘንቢላቸውን ይዘው በሩ ላይ ቆመዋል።

«ይቺን ከየት አመጣሃት?» አሉኝ።

«የቷን እትዬ?»

«የምታንጎራጉራትን።»

ሳቅሁ። «ከማሽኑ ነዋ! ያን ሰሞን ስንት ጊዜ ሰማናት።»

እትዬ ዘነበች ዘንቢላቸውን መሬት አስቀመጡት። ፊታቸው ላይ ሐዘን አልነበረም፤ ቁጣም አልነበረም። እንደ ድሮ ደንበኛ፣ ዕቃውን ትተው እኔን ነበር የሚያዩኝ።

«ማሽኑማ አናቱ ላይ ሲደርስ ይቆርጣት ነበር» አሉ። «አንተ ጨረስካት።»

ጋሽ ደምሴን ሳውቃቸው ድምፃቸው ጠፍቶ ነበር፤ ቀሪዋን ሰምቼ አላውቅም። ብሎኑ ከእጄ ወድቆ ባንኮኒው ሥር ተንከባለለ። ከራሴ በላይ፣ ቆርቆሮው ላይ፣ የሆነ ከባድ ነገር እግሩን ቀየረ።